በጎዶት የመጀመሪያውን ጌም ሠርቶ ስልክ ላይ መጫን

ጌም ኢንጂን ማንኛውም ጌም ሠሪ ከባዶ እንዳይጽፋቸው ታስበው የተዘጋጁ ሥራዎችን በአንድ ላይ የያዘ ፕሮግራም ነው፦ ምስል ስክሪን ላይ መሳል፣ ሁለት ነገሮች ሲጋጩ ማወቅ፣ ድምፅ ማጫወት፣ የጣት ንክኪ መቀበል፣ በመጨረሻም ያንኑ ጌም ለዊንዶውስ፣ ለአንድሮይድና ለብሮውዘር አድርጎ ማውጣት። አብዛኛው ጀማሪ ይህችን የመጨረሻዋን ሥራ፣ ኤክስፖርትን፣ ጌሙ እስኪያልቅ ያቆያታል። እዚህ የምንመክረው ተገላቢጦሹን ነው፤ ጌሙ ገና አንድ ቃል የተጻፈበት ባዶ ስክሪን ሳለ ስልክ ላይ ጫኑት። ፊደሉ ወደ ሳጥን የሚለወጠው፣ ምስሉ የሚጠፋው፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ አልሠራም የሚለው ጌሙ በሚሠራበት ኤዲተር ውስጥ ሳይሆን ከኤክስፖርት በኋላ ነው። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከምትደርሱበት በመጀመሪያው ቀን ብታውቁት ይሻላል።

መመሪያው የተጻፈው ጎዶት ለሚባለው ነፃ ጌም ኢንጂን፣ ለ4.3ና ከዚያ በኋላ ለወጡት ስሪቶቹ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ኢንጂን?

አንሪል ኢንጂን 5 ለትልልቅ ባለ ሦስት ገጽታ ጌሞች አቻ የለውም ማለት ይቻላል። ግን በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ዳውንሎድና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። 5 በመቶ ክፍያው የሚጀምረው የጌሙ ገቢ 1 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጀማሪን የሚያሳስብ አይደለም። ዩኒቲ በስልክ ጌም ለረጅም ጊዜ ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል፤ የመማሪያ ቪዲዮውም እንደ ልብ ነው። በ2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር አስከፍላለሁ ብሎ ሠሪዎችን ካስቆጣ በኋላ በ2024 ሐሳቡን ሰርዟል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግን ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ጎዶት አዙሯል።

ጎዶትን የጀመሩት አርጀንቲናውያኑ ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር ናቸው። ኮዱ በ2014 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው ነው። ጌማችሁን ብትሸጡ ለማንም አንድ ሳንቲም አትከፍሉም፤ የሚጠበቅባችሁ የፈቃዱን ጽሑፍ ጌሙ ውስጥ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው። የዊንዶውሱ ዚፕ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። ኢንስታል ማድረግም፣ አካውንት መክፈትም የለም፤ ዚፑን ፈትቶ ፋይሉን መክፈት በቂ ነው፣ ከዚያም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ባለ ሁለት ገጽታ ጌም ሲሠሩበት አያስቸግርም። ላፕቶፕ ለሌለውም ኤዲተሩ ለአንድሮይድ ተዘጋጅቶ ፕሌይ ስቶር ላይ አለ፤ ጠባብ ስክሪን ላይ ያደክማል እንጂ ታብሌትና ኪቦርድ ካላችሁ ይሞከራል።

ድክመቱም መታወቅ አለበት። ለፕሌይስቴሽንና ለመሰሎቹ ኮንሶሎች ኤክስፖርት ከነፃው ጎዶት ጋር አብሮ አይመጣም፤ በሦስተኛ ወገን በኩል ነው የሚሠራው። በትልቅ ባለ ሦስት ገጽታ ዓለምም አንሪልን አይስተካከልም። የመጀመሪያ ጌማችሁ ግን ባለ ሁለት ገጽታ ይሁን። ባለ ሦስት ገጽታ ሲሆን ሞዴሉ፣ መብራቱና ካሜራው እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አወራረድና ዝግጅት

ሁለት ዓይነት ጎዶት አለ፦ መደበኛውና ባለ ዶትኔቱ። መደበኛውን ውሰዱ። ባለ ዶትኔቱ ሲ ሻርፕ በሚባለው የኮድ ቋንቋ ለሚጽፉ ነው፤ በጎዶት 4 በሲ ሻርፕ የተሠራ ጌም ደግሞ ወደ ብሮውዘር ኤክስፖርት አይደረግም። መደበኛው የሚጠቀመው ጂዲስክሪፕት የተባለው ቋንቋ ፓይተን ለሚያውቅ ሰው ባዳ አይሆንበትም።

ፕሮጀክቱን የምታስቀምጡበት ፎልደር ስሙም የሚገኝበት መንገድም በላቲን ፊደል የተጻፈ ይሁን። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስማችሁ በአማርኛ ከሆነ ፕሮጀክቱን በቀጥታ ዲ ድራይቭ ላይ አድርጉት፤ የአንድሮይዱን ጌም የሚያጠናቅረው ግሬድል የሚባለው መሣሪያ ዊንዶውስ ላይ ከላቲን ውጪ ያለ ፊደል መንገዱ ላይ ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል።

ፕሮጀክቱን ስትፈጥሩ ከሦስት ሬንደረሮች (ምስሉን ስክሪን ላይ ከሚስሉት ክፍሎች) አንዱን ትመርጣላችሁ፦ ፎርዋርድ ፕላስ፣ ሞባይል፣ ኮምፓቲቢሊቲ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቩልካንን ወይም እሱን የመሰለ አዲስ የግራፊክስ ሥርዓት ይፈልጋሉ። ኮምፓቲቢሊቲ በኦፕን ጂኤል ስለሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕም ርካሽ ስልክም ይሸከመዋል፤ ለብሮውዘርም ያለው ምርጫ እሱ ብቻ ነው። ለባለ ሁለት ገጽታ ጌም ሳታመነቱ እሱን ምረጡ። ኋላ መቀየር ይቻላል፣ ግን ብርሃንና ሼደር (የምስሉን መልክ የሚቀይር ኮድ) ከተጨመረ በኋላ ሲቀየር መልኩ ይለወጣል።

አንድ ትልቅ ዳውንሎድ ይቀራል፦ ጌሙ ለየመሣሪያው የሚወጣበት የኤክስፖርት ቴምፕሌት፣ 1 ጊጋባይት ገደማ። «ኤዲተር» ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ማኔጅ ኤክስፖርት ቴምፕሌትስ» በሚለው ይወርዳል። ጥቅል በሌለበት ሰዓት ካለበት ሰው በፍላሽ ወስዳችሁ «ኢንስቶል ፍሮም ፋይል» ብትሉም ይሠራል። ቁጥሩ ከኤዲተሩ ጋር እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ መሆን አለበት፤ የ4.4 ኤዲተር የ4.4.1ን ቴምፕሌት አይቀበልም።

የመጀመሪያው ቀን፦ አንድ ቃል ስልክ ላይ

ጎዶት ውስጥ ሁሉም ነገር ኖድ ነው። ምስል የሚያሳየው ኖድ አለ፣ ድምፅ የሚያጫውተው አለ፣ ጊዜ የሚቆጥረው አለ። ኖዶች በወላጅና በልጅ ተያይዘው ዛፍ ሲሠሩ፣ ያ ዛፍ በፋይል ሲቀመጥ ሲን ይባላል። አንድ ሲን ሌላው ሲን ውስጥ እንደ አንድ ኖድ ሊገባ ይችላል፤ ገጸ ባሕርዩ አንድ ሲን፣ ሳንቲሙ አንድ ሲን፣ ደረጃው (ሌቭሉ) ደግሞ እነዚህን የያዘ ሌላ ሲን ይሆናል። ወላጁ ሲንቀሳቀስ ልጆቹ ይከተላሉ፣ ወላጁ ሲጠፋም ልጆቹ ይጠፋሉ። ከዚህ በላይ ንድፈ ሐሳብ ለጊዜው አያስፈልግም።

በግራ በኩል ባለው የሲን ሰሌዳ «ቱዲ ሲን» በሉ፤ ኖድ ቱዲ የሚባል ሥር ይፈጠራል። የመደመር ምልክቱን ተጭናችሁ ሌብል የሚባል ልጅ ጨምሩበት። በቀኝ ባለው ኢንስፔክተር ቴክስት በሚለው ቦታ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ። በኮንትሮልና ኤስ አስቀምጡ፣ ከዚያ ኤፍ5ን ተጫኑ። ዋናው ሲን የቱ ነው ብሎ ሲጠይቅ የአሁኑን ምረጡ። ቃሉ ይታያል።

አትታለሉ። ከጎዶት ጋር የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ «ሰላም» የታየው ኤዲተሩ ከኮምፒዩተሩ ፎንት ስለተዋሰ ነው። ብሮውዘር ላይ ግን የሚዋስበት ስለሌለ ባዶ ሳጥኖች ታያላችሁ። ስለዚህ ፎንቱን ዛሬውኑ አስገቡት፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲል የመሰለ በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ፎንት አውርዳችሁ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ጣሉት፤ «ፕሮጀክት ሴቲንግስ»ን ከፍታችሁ «ጂዩአይ»፣ «ቲም» በሚለው ሥር «ከስተም ፎንት» ላይ አስቀምጡት። ለማረጋገጥ ፎንቱን በፋይል ሰሌዳው ላይ ምረጡና ኢምፖርት በሚለው ገጽ የኮምፒዩተሩን ፎንት መዋስ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። አሁንም ፊደሉ ከታየ እውነትም የእናንተ ፎንት ነው።

መጠኑንም አስቡበት። ለእንግሊዝኛ በ8 ፒክሰል የተሳሉ የጥንት ጌም ፎንቶች ያምራሉ፤ «ጨ»ንና «ጩ»ን፣ «ቀ»ንና «ቁ»ን በ8 ፒክሰል ለመለየት መሞከር ግን የተጫዋቹን ዓይን መቅጣት ነው። በ1152 በ648 መነሻ ስክሪን ላይ ከ24 በታች ባትወርዱ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ አንድሮይድ። ሁለት ነገር ኮምፒዩተሩ ላይ መኖር አለበት፦ ኦፕን ጄዲኬ 17 (የጃቫ መሣሪያዎች ጥቅል) እና የአንድሮይድ ኤስዲኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያ ጥቅል)። ኤስዲኬውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ አንድሮይድ ስቱዲዮን መጫን ነው፤ ዳታ ለሚቆጥብ ግን የኮማንድ ላይን መሣሪያዎቹን ብቻ ማውረድ ይቻላል። ከዚያ «ኤዲተር ሴቲንግስ» ውስጥ «ኤክስፖርት»፣ «አንድሮይድ» ብላችሁ የሁለቱንም ፎልደር መንገድ ሙሉ። ሌላ የጃቫ ስሪት ኮምፒዩተሩ ላይ ካለ ችግር የለውም፤ እዚህ የሚጠቆመው ግን የ17ቱ ፎልደር መሆን አለበት።

«ፕሮጀክት» ውስጥ «ኤክስፖርት» በሉና አንድሮይድን ጨምሩ። ታች በቀይ የሚጻፈውን አንብቡት፤ የጎዶት ቀይ ጽሑፍ ከብዙ ፕሮግራሞች በተለየ የጎደለውን በቀጥታ ነው የሚናገረው። ኢቲሲ2 የተባለው የምስል ማመቂያ አልተከፈተም ካለ አጠገቡ ማስተካከያ ቁልፍ አለ፣ ተጫኑት። የፓኬጅ ስሙን በነጥብ በተለያዩ ክፍሎች የራሳችሁ አድርጉት። ኮም ኤግዛምፕል ብሎ የሚጀምረውን ነባሩን ስም ፕሌይ ስቶር አይቀበልም፤ አንዴ ከታተመ ደግሞ ስሙን መቀየር አይቻልም። አርክቴክቸር (የስልኩ ፕሮሰሰር ዓይነት) በሚለው ሥር ባለ 64 ቢቱ አርም ተመርጦ ይገኛል። ርካሽና የቆዩ ስልኮች ላይ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ባለ 32 ቢቱን አርምም ምረጡ፤ ስልኩ ላይ የሚጫነው ፋይል፣ የኤፒኬው፣ ክብደት ግን ይጨምራል። ምንም የሌለበት ጌም እንኳ ለአንዱ አርክቴክቸር ብቻ ከ20 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል፣ ኢንጂኑ ራሱ አብሮ ስለሚገባ።

ስልኩ ላይ ሴቲንግስ ከፍታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ፤ የዴቨሎፐር ሜኑ ይከፈታል። እዚያ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩና በገመድ አገናኙ። ስልኩ ፈቃድ ሲጠይቅ ፍቀዱ። ኤዲተሩ ላይ በቀኝ ከላይ የርቀት ማስነሻ ቁልፉ ይበራል፤ ስትጫኑት ጌሙ ስልኩ ላይ ተጭኖ ይከፈታል። ቁልፉ ካልበራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው፦ ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ እንጂ ዳታ አያስተላልፉም።

ገጸ ባሕርዩ

አዲስ ሲን ክፈቱ፤ ሥሩ ካራክተር ቦዲ ቱዲ ይሁን። ሁለት ልጆች ስጡት፦ ስፕራይት ቱዲ ለምስሉ፣ ኮሊዥን ሼፕ ቱዲ ለግጭቱ። ለኮሊዥን ሼፑ ኢንስፔክተር ላይ ሬክታንግል ወይም ካፕሱል ምረጡለት፤ ካልመረጣችሁለት ቢጫ ማስጠንቀቂያው አይጠፋም። መጠኑን ስታስተካክሉ ብርቱካናማዎቹን ነጥቦች ጎትቱ እንጂ ስኬል የሚለውን አትንኩ። የግጭት ቅርጽ በስኬል ሲለጠጥ ፊዚክሱ ይዛባል፣ ገጸ ባሕርዩ ግድግዳ ላይ ሲንቀጠቀጥ ወይም ጥግ ላይ ሲያዝ ታያላችሁ። ቅርጹን ከምስሉ ትንሽ ማሳነስም ልማድ አድርጉት፤ ተጫዋች ምንም ሳይነካው ተነካህ ሲባል ይናደዳል።

ሥሩን መርጣችሁ ስክሪፕት (የኮድ ፋይል) አያይዙ። ጎዶት «ቤዚክ ሙቭመንት» የሚባል ቴምፕሌት ያቀርባል፤ ተቀበሉት፤ መሮጥና መዝለል ተጽፎ ይመጣል። አናቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፦ ፍጥነት 300፣ የዝላይ ፍጥነት 400 ከነአሉታዊ ምልክቱ። አሉታዊ የሆነው ስክሪን ላይ ቁመት የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ነው። የስበት ኃይሉ ከፕሮጀክት ሴቲንግስ ይመጣል፤ 980 ፒክሰል በሰከንድ ካሬ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በዘፈቀደ ከመነካካት አስሉት። የዝላይ ከፍታ የዝላዩ ፍጥነት ካሬ ለስበቱ እጥፍ ሲካፈል ነው፦ 400 ሲባዛ በ400፣ 160,000፤ ለ1,960 ሲካፈል 82 ፒክሰል ገደማ። የወለላችሁ ንጣፍ 64 ፒክሰል ከሆነ ገጸ ባሕርዩ አንድ ንጣፍ ይወጣል፣ ሁለት (128) አይወጣም። ሁለት እንዲወጣ የዝላይ ፍጥነቱን 520 አድርጉት፤ 138 ፒክሰል ገደማ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቁጥር አየር ላይ የሚቆየው 0.82 ሰከንድ ያህል ነው፤ በ300 ፍጥነት 245 ፒክሰል ይሻገራል። ስለዚህ በሁለት መድረኮች መካከል ያለው ክፍተት 200 ቢሆን ጨዋታ ነው፣ 240 ቢሆን ቅጣት ነው፣ 260 ቢሆን ደረጃው አያልቅም። ደረጃ ከመሳላችሁ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ወስኑ። ከአሥር ደረጃ በኋላ ዝላዩን መቀየር አሥሩንም እንደገና መሥራት ነው።

ስክሪፕቱ ውስጥ ዴልታ የሚባል ቁጥር አለ፤ ካለፈው ዙር ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው። ፊዚክሱ በነባር ቅንብሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚሠራ ዴልታ አንድ ስድሳኛ ሰከንድ ነው። ስበቱ በዴልታ ይባዛል፣ የሩጫ ፍጥነቱ ግን አይባዛም፤ ሙቭ ኤንድ ስላይድ የሚባለው ትእዛዝ ራሱ ያባዛዋልና። ይህን ሳያውቁ ፍጥነቱንም በዴልታ የሚያባዙ ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ 300 ወደ 5 ፒክሰል በሰከንድ መውረድ ነው፣ ገጸ ባሕርዩ ቆሞ የቀረ ይመስላል። ከዚያ ፍጥነቱን 18,000 ያደርጉታል፣ ይሠራልም፣ ግን ሌላ ማንኛውም ስሌት አብሮ ይበላሻል።

ወለሉና ሳንቲሙ

ለሙከራ ስታቲክ ቦዲ ቱዲ ከነኮሊዥን ሼፑ በቂ ወለል ነው። እውነተኛውን ደረጃ ንጣፍ በሚደረደርበት ኖድ፣ በታይል ማፕ ሌየር፣ ትስላላችሁ። ገጸ ባሕርዩ በተሳለው ወለል ውስጥ አልፎ ከወደቀ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ታይል ሴቱ (የንጣፎቹ ስብስብ) ምስል አለው እንጂ ፊዚክስ ሌየር አልተጨመረለትም፣ ወይም ተጨምሮ ንጣፎቹ ላይ ቅርጹ አልተቀባም። ኢንስፔክተር ላይ ታይል ሴቱን ከፍታችሁ ፊዚክስ ሌየር ጨምሩ፣ ከዚያ ከታች ባለው ሰሌዳ «ፔይንት» ብላችሁ ንጣፎቹን ቀቡ።

ሳንቲሙ አካል ሳይሆን ክልል ነው፤ ማንም አይገፋውም፣ ሲገቡበት ብቻ ያውቃል። ሥሩ ኤሪያ ቱዲ፣ ልጆቹ ስፕራይትና ኮሊዥን ሼፕ ናቸው። ስክሪፕት አያይዙለትና ኖድ በሚለው ሰሌዳ ላይ «ቦዲ ኤንተርድ» የሚለውን ሲግናል (አንድ ነገር ሲሆን ኖዱ የሚልከውን መልእክት) ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ ከስክሪፕቱ ጋር አገናኙት። በተፈጠረው ፈንክሽን ውስጥ ነጥብ የሚጨምረውንና ኪው ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ፤ ሁለተኛው ሳንቲሙን ያስወግዳል። ነጥቡን ሳንቲሙ ላይ አታስቀምጡ፣ ሳንቲሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኦቶሎድ በሚባለው መንገድ ሲን ቢቀያየርም በማይጠፋ ስክሪፕት ውስጥ አኑሩት።

ሰው በብዛት የሚሰናከለው ኮሊዥን ሌየርና ማስክ ላይ ነው። ሌየር የምትኖሩበት ሰፈር ነው፤ ማስክ ደግሞ በመስኮት የምታዩት ሰፈር። 32 ሌየሮች አሉ፤ በፕሮጀክት ሴቲንግስ ስም ልትሰጧቸው ትችላላችሁ፣ ስጧቸውም። ወለሉን ሌየር 1 ላይ፣ ገጸ ባሕርዩን ሌየር 2 ላይ፣ ሳንቲሙን ሌየር 3 ላይ አድርጉ። የገጸ ባሕርዩ ማስክ 1 ብቻ ይሁን፤ በወለል መያዝ አለበት፣ ሳንቲም ግን ሊያግደው አይገባም። የሳንቲሙ ማስክ 2 ብቻ ይሁን። ሁሉንም በነባሩ ሌየር 1 ላይ ብትተዉት ሳንቲሙ ወለሉን ራሱን ገጸ ባሕርይ አድርጎት ጌሙ እንደጀመረ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። ያልገባችሁ ነገር ሲኖር «ዲበግ» ከሚለው ሜኑ የግጭት ቅርጾችን የሚያሳየውን አብሩ፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ችግር በዓይን ይታያል።

ጥይት የመሰለ ፈጣን ነገር ስትጨምሩ ደግሞ ይህን አስሉ፦ በሰከንድ 3,000 ፒክሰል የሚሄድ ነገር በአንድ ዙር 50 ፒክሰል ይዘላል። ቦታውን በየዙሩ በቁጥር የምትቀይሩ ከሆነ 16 ፒክሰል ውፍረት ያለውን ግድግዳ ሳይነካው ያልፋል። ወይ ግድግዳውን አወፍሩ፣ ወይ ሬይ ካስት በሚባለው ኖድ መንገዱን አስቀድማችሁ ፈትሹ።

ጣት

ቴምፕሌቱ የሚሠራው በኪቦርድ ነው። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ «ኢንፑት ማፕ» ላይ የራሳችሁን ሦስት ድርጊቶች ፍጠሩ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ዝላይ። ለየድርጊቱ የኪቦርድ ቁልፍ ስጡና ስክሪፕቱ ውስጥ ያሉትን ነባር ስሞች በእነዚህ ተኩ።

ለስልኩ ካንቫስ ሌየር የሚባል ኖድ ጨምሩ፤ ካሜራው ሲሄድ ሥሩ ያለው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ባለበት ይቆያል። የነጥብ ጽሑፉም እዚህ ይገባል። ለቁልፎቹ በተን የሚለውን ኖድ አትጠቀሙ። በተን የሚሠራው ንክኪን እንደ ማውስ ቆጥሮ ነው፣ ማውስ ደግሞ አንድ ነው፤ ተጫዋቹ በግራ እጁ እየሮጠ በቀኝ እጁ መዝለል አይችልም። ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ማውስ ስለምትሞክሩት ይህ ስልክ ላይ እስክትጭኑት አይታይም። ተች ስክሪን በተን የሚለው ኖድ ግን ብዙ ጣቶችን ይቀበላል፤ አክሽን በሚለው ቦታ የድርጊቱን ስም ብቻ ጻፉለት፣ ኮድ አያስፈልገውም።

የስክሪኑ መጠን ሌላው ጉዳይ ነው። መነሻው 1152 በ648፣ ማለትም 16 ለ9 ነው፤ የዛሬ ስልኮች ግን አብዛኞቹ ከዚያ የረዘሙ ናቸው። «ዲስፕሌይ»፣ «ዊንዶው»፣ «ስትሬች» ሥር ሞዱን «ካንቫስ አይተምስ»፣ አስፔክቱን «ኤክስፓንድ» አድርጉ። አለበለዚያ ወይ ጥቁር ጠርዝ ይመጣል ወይ ጌሙ ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ምስልና ድምፅ ባጭሩ

በፒክሰል የተሳለ ምስል ደብዝዞ ከታየ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ «ሬንደሪንግ»፣ «ቴክስቸርስ» ሥር ያለውን ነባር ፊልተር ከሊኒየር ወደ ኒረስት ቀይሩ። የምስሉ ፋይል 2 ሜጋባይት ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሚሞሪ ላይ የሚቆጠረው በፒክሰል ነው፦ 4096 በ4096 የሆነ ምስል ሳይታመቅ 64 ሜጋባይት ይይዛል። ሦስት አራቱ ርካሽ ስልክን ያንቁታል። አጭር ድምፅ በዋቭ፣ ሙዚቃ በኦግ ይሁን፤ መደጋገሙ የሚበራው ኢምፖርት በሚለው ገጽ ነው፣ ካበራችሁ በኋላ ሪኢምፖርት ማለት አትርሱ።

ገበጣን የመሰለ ተራ በተራ የሚጫወቱት ጌም የምትሠሩ ከሆነ ካራክተር ቦዲም ፊዚክስም አያስፈልጋችሁም፤ ኤሪያ ወይም ተራ በተን ይበቃል። በዚያ ላይ «አፕሊኬሽን»፣ «ረን» ሥር ያለውን «ሎው ፕሮሰሰር ሞድ» አብሩት፤ ስክሪኑ ላይ ለውጥ ሲኖር ብቻ ስለሚስል ባትሪ ይቆጥባል። ለሯጭ ጌም ግን አይሆንም።

ኤዲተር ላይ ሠርቶ ሌላ ቦታ እምቢ የሚለው

ዊንዶውስ በፋይል ስም ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን አይለይም፤ ኤክስፖርት የተደረገ ጌም ግን ይለያል። ፋይሉ በትልቅ ፊደል ጀምሮ ስክሪፕቱ በትንሽ ከጠራው ኮምፒዩተራችሁ ላይ ይከፈታል፣ ስልኩ ላይ ፋይል የለም ይላል። የፋይል ስም ሁሉ በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ቃላቱ በግርጌ ሰረዝ ተያይዘው ይጻፉ። ስም ስትቀይሩም ከጎዶት የፋይል ሰሌዳ ላይ ቀይሩ እንጂ ከዊንዶውስ አይደለም፤ ከውጭ ሲቀየር ሲኖቹ የድሮውን አድራሻ እንደያዙ ይቀራሉ።

የተጫዋቹን ነጥብ ስታስቀምጡ መንገዱ ዩዘር በሚለው ቅድመ ስም ይጀምር። ሬስ የሚለው የፕሮጀክቱ ፎልደር ነው፤ ኤዲተር ላይ ስትሆኑ ይጻፍበታል፣ ኤክስፖርት ከተደረገ በኋላ ግን የሚነበብ ብቻ ይሆናል።

ጌሙን በአማርኛና በሌላ ቋንቋ የምታወጡ ከሆነ ትርጉሞቹን በሲኤስቪ ሰንጠረዥ ማስገባት ይቻላል። ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ፣ ባይት ኦርደር ማርክ የሚባለው ስውር የመጀመሪያ ምልክት ሳይኖርበት መቀመጥ አለበት። ኤክሴል በነባር አቀማመጡ ይህን አያደርግም፣ አማርኛውም ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ሊብሬ ኦፊስ ሲያስቀምጥ የፊደል ኮዱን ስለሚጠይቅ ከዚያ ይሻላል።

የብሮውዘር ኤክስፖርት ለማሳየት ፈጣኑ መንገድ ነው። ዋናውን ፋይል ኢንዴክስ ብላችሁ ሰይሙ፣ የወጡትን ፋይሎች አንድ ላይ ዚፕ አድርጉና ኢች አይኦ የሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ ጫኑ፤ ክፍያ የለውም። ፋይሉን ፎልደሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ ብትከፍቱት አይነሳም፤ ከሰርቨር መምጣት አለበት። ለሙከራ የኤዲተሩ የርቀት ማስነሻ ቁልፍ «ረን ኢን ብራውዘር» የሚል አለው። ስሬድ የሚለውን አማራጭ አታብሩ፤ ከበራ ሰርቨሩ ልዩ ፈቃዶችን ካልላከ ጌሙ አይከፈትም። ሙዚቃው ወዲያው ካልጀመረም ስሕተት አይደለም፤ ብሮውዘሮች ተጫዋቹ አንድ ነገር እስኪነካ ድምፅ አይፈቅዱም። ስለዚህ «ጀምር» የሚል ገጽ አስቀድሙ።

ፕሌይ ስቶር

የዴቨሎፐር አካውንት አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈልበታል። ለአዲስ መተግበሪያ የሚቀበለው ኤፒኬ ሳይሆን ኤኤቢ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ ለዚህ «ፕሮጀክት» ሜኑ ውስጥ የአንድሮይድ ቢልድ ቴምፕሌትን ጫኑና ኤክስፖርቱ ላይ ግሬድል ቢልድን አብሩ። የመጀመሪያው ግሬድል ቢልድ ብዙ ፋይል ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ መሐል ላይ መብራት ወይም ኔት ቢጠፋ ይከሽፋል፤ እንደገና ማስነሳት ብቻ ነው።

ለሙከራ የሚያገለግለው የፊርማ ቁልፍ ለሕትመት አይሆንም። ከጄዲኬው ጋር በሚመጣው ኪይቱል የራሳችሁን ኪይስቶር (የፊርማ ቁልፉን የያዘ ፋይል) ፍጠሩ፤ የአገልግሎት ዘመኑን 10,000 ቀን አድርጉት። ፋይሉን፣ አሊያሱን (የቁልፉን ስም) እና የይለፍ ቃሉን ከኮምፒዩተሩ ውጪ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ጊት (የፋይል ለውጦችን መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ኪይስቶሩና በነጥብ የሚጀምረው የጎዶት ፎልደር እዚያ አይገቡም፤ ኢምፖርት የሚል ቅጥያ ያላቸው ትንንሽ ፋይሎች ግን መግባት አለባቸው፣ የምስሎቻችሁን ቅንብር የያዙት እነሱ ናቸውና።

ከኅዳር 2023 ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት ጌሙን ለሁሉም ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎችን ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራ ማቆየት ግዴታው ነው። ሰዎቹን ጌሙ ሳያልቅ ፈልጓቸው፤ ሊንኩን ተቀብለው የሚወጡ ስላሉ 12 ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩ፣ ሃያ ያህል ይሁኑ። ስሕተት አርማችሁ አዲስ ፋይል በጫናችሁ ቁጥር ኤክስፖርቱ ላይ «ቨርዥን ኮድ» የሚለውን በ1 አሳድጉ፤ ቁጥሩ ካለፈው ካልበለጠ ፕሌይ ስቶር ፋይሉን አይቀበልም።